በአንድ አካል ላይ የታሰረ ስም

አንድን አዲስ የነፍሳት ዝርያ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስተዋውቅ ሳይንሳዊ ጽሑፍ ስለዚያ ፍጥረት ሕይወት የሚናገረው እጅግ ጥቂት ነው። በየትኛው ሰዓት እንደሚበርር፣ ጥንዱን እንዴት እንደሚያገኝ፣ ዶፍ ሲወርድ የት እንደሚጠለል አይነግረንም። የሚነግረን የክንፉን ርዝመት በሚሊሜትር፣ የአንቴናውን አንጓዎች ብዛት፣ የደረቱን ቀለም፣ በጭኑ ጫፍ ላይ ያለውን ጠቆር ያለ ቀለበት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ፍጥረት ያልሆነውን ይነግረናል፤ ከዚያኛው ዘመዱ በዚህ ይለያል፣ ከዚህኛው ደግሞ በዚያ። ብዙ አንባቢ እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሁለት መስመር አንብቦ ደረቅ ነው ብሎ ይተወዋል። እኔ ግን ሰው ከራሱ ውጭ ላለ ፍጥረት ከሚያሳየው አክብሮት ሁሉ ጥንቃቄ ያልተለየው በዚህ ድርቀት ውስጥ ያለው ይመስለኛል። ለምን እንዲህ እንደማስብ ለመናገር አንዲት ዝንብና አንድ ደን ያስፈልጉኛል።

ደኑ በምሥራቅ አውስትራሊያ፣ የኩዊንስላንድና የኒው ሳውዝ ዌልስ ግዛቶች በሚዋሰኑበት ተራራማ አገር የሚገኘው ላሚንግተን ነው። ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተከለለው በ1915 ነው (ዓመታቱና ቀናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። «የጎንድዋና የዝናብ ደኖች» በሚል ስም በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ደኖች መካከል ይቆጠራል፤ የኒው ሳውዝ ዌልሱ ክፍል በ1986፣ የኩዊንስላንዱ በ1994 ተመዝግበዋል። ከሐሩር ክልል ወጣ ብሎ ያለ፣ ዝናብ የማይለየው፣ ግንዱ ሁሉ በሐረግ የተጠለፈ ደን ነው። ጭጋግ በሚያዘወትረው ከፍተኛ ስፍራው ላይ የደቡብ ቢች የሚባሉ ዛፎች ቆመዋል። የእነዚህ ዛፎች ዘመዶች ዛሬ በኒው ዚላንድና በቺሊ ይገኛሉ። አውስትራሊያ፣ አንታርክቲካና ደቡብ አሜሪካ በአንድ ምድር ተጣብቀው በነበሩበት ዘመን የተዘረጋ የዘር ሐረግ ነው። ዛፎቹ ብቻ አይደሉም። ስዊድናዊው ላርስ ብሩንዲን በ1966 ባሳተመው ሰፊ ጥናት በጅረት ውስጥ የሚያድጉ ደቃቅ ዝንቦች የቅርብ ዘመዶቻቸውን በጎረቤት አገር ሳይሆን ከውቅያኖስ ማዶ፣ በሌላኛው የአንታርክቲካ ወገን እንደሚያገኙ አሳይቷል። ስለዚህ እዚህ ደን ውስጥ የአንዲትን ዝንብ ክንፍ አተኩሮ የሚመለከት ሰው፣ አወቀውም አላወቀው፣ አህጉራት ሲላቀቁ የተጻፈ ነገር እያነበበ ነው።

ዝንቧ ክሬን ፍላይ ትባላለች። እግሮቿ ከሰውነቷ ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅምና ቀጫጭን ናቸው፤ ክንፎቿ ጠባብ፣ ሆዷ ቀጭን ነው። በመስኮት ገብታ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ያያት ሰው ግዙፍ የወባ ትንኝ መስላው በጫማ ይመታታል። አትናከስም። የሴቷ የሆድ ጫፍ ሹል ቢሆንም እንቁላሏን በእርጥብ አፈር ወይም በበሰበሰ እንጨት ውስጥ የምትጥልበት እንጂ የምትናደፍበት አይደለም። አብዛኞቹ ክንፍ ካወጡ በኋላ ከቶ አይበሉም ማለት ይቻላል፤ ቢቀምሱ ውኃ ወይም የአበባ ወለላ ነው። እግሮቻቸው በቀላሉ ይረግፋሉ፤ ወፍ ወይም ሸረሪት ሲይዛቸው የተያዘውን እግር ትተው ያመልጣሉ። እስካሁን በዓለም ዙሪያ ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ15,000 በላይ ናቸው፤ ስም የሚጠብቁትም ገና ብዙ ናቸው።

ከእነዚያ መካከል አንዱ ወደ ወጥመድ ገባ እንበል። ወጥመዱ ስዊድናዊው ሬኔ ማሌዝ በ1930ዎቹ የፈለሰፈው ድንኳን መሰል መረብ ነው፤ ማሌዝ ወደ ድንኳኑ የሚገቡ ነፍሳት መውጫ ፍለጋ ሁልጊዜ ወደ ላይኛው ጥግ እንደሚወጡ አስተውሎ ነው የሠራው። ከላይኛው ጥግ አልኮል የያዘ ጠርሙስ ይጠብቃቸዋል። ከሳምንታት በኋላ ጠርሙሱ ሲከፈት ጥንዚዛው፣ ተርቡ፣ የእሳት እራቱ፣ ዝንቡ ሁሉ ተደባልቆ ይገኛል፤ የክሬን ፍላዮቹ እግሮች ከባለቤቶቻቸው ተለይተው ከታች ተጠራቅመዋል። ከዚህ ክምር አንዱን በወረንጦ አንስቶ «ይህን አላውቀውም» ለማለት የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። አለማወቁን በእርግጠኝነት ማወቅ የሚችለው የታወቁትን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነውና።

ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር ያለው ሥራ ይጀምራል። በመጀመሪያ የዘመዶቹ ሁሉ ምልክት ይፈለጋል፤ በደረቱ ጀርባ ላይ ተገናኝቶ ሹል ማዕዘን የሚሠራው ስፌት። ቀጥሎ የክንፉ ጅማቶች፣ የት እንደሚገናኙና የት እንደሚከፈሉ ይታያሉ። ከክንፎቹ ኋላ እንደ ከበሮ መቺ ዱላ ጫፋቸው ያበጠ ሁለት ዘንጎች አሉ፤ ሲበርር ሚዛኑን የሚያስጠብቁት እነርሱ ናቸው። ይህ ሁሉ ግን ወደ ወገኑ ያደርሳል እንጂ ከወንድሞቹ አይለየውም። የሚለየው በሆዱ ጫፍ ያለው የወንዱ የመራቢያ አካል ነው። ገላጩ ያንን ጫፍ ቆርጦ በሞቀ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ያቆየዋል፤ ሥጋው ሟሙቶ ጠንካራው ቅርፊት ብቻ ጥርት ብሎ ይቀራል። በግሊሰሪን ጠብታ ውስጥ እያገላበጠ ሲያየው መቆንጠጫዎች፣ እሾሆች፣ የታጠፉ ጣቶች፣ በጠርዛቸው ጥርስ ያወጡ ሰሌዳዎች ይታዩታል። በውጭ አንድ የሚመስሉ ሁለት ወንዶች እዚህ ላይ ፍጹም ይለያያሉ። ገላጩ ሥዕሉን ይስላል፤ ያም ቅንጣት በትንሽ ብልቃጥ ተደርጎ ከባለቤቱ ሥር በዚያው ስፒል ላይ ይሰካል።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ እወዳለሁ። ያ ሰው ሰዓታት ሙሉ ተመልክቶ የጻፈው የዝንቡን ማንነት ነውን? አይደለም። የጻፈው ዝንቡ ከሌሎች ዝንቦች የሚለይበትን ድንበር ነው። ድንበር ማወቅና አገር ማወቅ የተለያዩ ናቸው። ፈላስፎች ከጥንት ጀምሮ የአንድን ነገር ባሕርይ፣ ማለትም ያንን ነገር ያንኑ የሚያደርገውን፣ ሲፈልጉ ኖረዋል፤ ገላጩ ግን ከዚያ አነስ ያለ፣ ከዚያ የታመነም ጥያቄ ይጠይቃል፤ ይህን ከዚያ እንዳላሳስተው ምን ልያዝ? ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኔየስ የእንስሳትን ሁሉ መለያ ሲጽፍ ለሰው ልጅ በደረሰ ጊዜ መለያ መስጠቱን ትቶ ሰው ራሱን እንዲያውቅ የሚመክር አጭር ቃል አኖረ። ለራሳችን ድንበር አላስፈለገንም፤ ከውስጥ ሆነን እናየዋለንና። ወደ ዝንቧ ውስጥ የሚያስገባ በር ግን የለንም። ለዚህም ነው የልዩነት ዝርዝሩ አክብሮት ሆኖ የሚሰማኝ፤ ያልገባበትን ቤት ገብቻለሁ አይልም፤ በአጥሩ ዙሪያ ዞሮ ያየውን ብቻ ይመሰክራል።

የእኛ አሮጌ መጻሕፍት እንስሳትን ያዩበት መንገድ ሌላ ነበር። ከግሪክ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ ስለ አንበሳ፣ ስለ ንስር፣ ስለ ጉንዳን ይተርካል፤ እያንዳንዱ ግን ከራሱ በላይ የሆነ ነገር ተሸክሟል። ጉንዳን እህሏን የምትሰነጥቀው እንዳይበቅልባት ብቻ አይደለም፤ ለሰው ምሳሌ እንድትሆን ነው። ይህን መጽሐፍ እወደዋለሁ፤ ዓለም ሁሉ ለሰው የሚናገረው ነገር እንዳለው ያምናልና። ነገር ግን በፊሳልጎስ ውስጥ ለሰው ምንም የማይመክር እንስሳ ቦታ አያገኝም። በኦሪት ዘፍጥረትም አዳም ስም ሲያወጣ የሚጠሩት እንስሳት፣ የሰማይ ወፎችና የምድር አራዊት ናቸው። መጽሐፈ ኩፋሌ ግን ነገሩን በቀን በቀን ይከፍለዋል፤ በመጀመሪያው ቀን አራዊት፣ በሁለተኛው እንስሳት፣ በሦስተኛው ወፎች፣ በአራተኛው በምድር ላይ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ፣ በአምስተኛው በውኃ የሚንቀሳቀሰው። ለሚሳበውና ለሚርመሰመሰው አንድ ሙሉ ቀን መሰጠቱ ሁልጊዜ ያስደስተኛል። ይህች ዝንብ ደግሞ በየትኛው ቀን እንደምትቀርብ መወሰን ያስቸግራል፤ ልጅነቷን በጅረት ወይም በጭቃ አሳልፋ፣ በምድር ላይ ከቅርፊቷ ወጥታ፣ በአየር ላይ የምትሞት ናትና። የዘመኑ ገላጭ ሥራ ያ የአራተኛው ቀን ሥራ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ገና አልመሸም።

በዚህ ሥራ ላይ ማንም ያልደረሰበት ሰው አሜሪካዊው ቻርልስ ፖል አሌክሳንደር ነው። በ1889 በኒው ዮርክ ግዛት ተወልዶ በ1981 በማሳቹሴትስ ሞተ። ከ1910 ጀምሮ እስከ ዕድሜው ማብቂያ ድረስ ከ11,000 በላይ የክሬን ፍላይ ዝርያዎችን ገለጸ፤ ለ70 ዓመታት ሲካፈል በየሳምንቱ ሦስት ያህል ይሆናል። ባለቤቱ ሜብል አብራው ትሰበስብና ስብስቡን ታደራጅ ነበር፤ ዛሬ ያ ስብስብ በስሚዝሶኒያን ተቋም ይዞታ ሥር ነው። አሌክሳንደር የገለጻቸውን አብዛኞቹን ዝርያዎች በሕይወት አላያቸውም። ከአውስትራሊያ፣ ከአፍሪካ፣ ከእስያ፣ ከደቡብ አሜሪካ በፖስታ ይደርሱት ነበር፤ ደርቀው፣ እግራቸው ተሰባብሮ፣ በወረቀት ተጠቅልለው። ብዙዎቹ መግለጫዎቹ የቆሙት በአንድ ናሙና ላይ ብቻ ነው። ይህን እንደ ጉድለት የሚያነሱ አሉ፤ እውነትም ከአንድ አካል ተነስቶ ስለ አንድ ወገን ሁሉ መናገር ድፍረት ነው። ነገር ግን ያ አንድ አካል ለዘመናት ደጋግሞ እንዲታይ ተጠብቆ እስከተቀመጠ ድረስ ድፍረቱ ዋስ አለው።

ዋሱ ሆሎታይፕ ይባላል። የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ እንደሚያዝዘው፣ ከ1999 በኋላ አዲስ ዝርያ የሚያወጣ ሰው ስሙ የሚታሰርበትን አካል ለይቶ ማመልከትና የት እንደሚቀመጥ መግለጽ አለበት። በብዙ ሙዚየሞች ልማድ ከስፒሉ ላይ ቀይ ወረቀት ይደረግበታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ የሚጠራው በዚያ አካል ነው፤ መግለጫው ቢሳሳት፣ ሥዕሉ ቢበላሽ፣ ገላጩ ከአንድ ዝርያ በላይ ደባልቆ ቢገኝ ስሙ ከዚያ አካል ጋር ይቆያል። ያ አካል የዝርያው ምርጥ ወኪል መሆን አይጠበቅበትም። ምናልባት ከወንድሞቹ ያነሰ፣ አንድ እግር የቀረው ይሆናል። ሚናው ምሳሌ መሆን ሳይሆን ችካል መሆን ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ነገር በቅርብ የሚታወቅ ምስክር አለው። ድንቅነሽ በ1974 በሐዳር ተገኘች፤ ዝርያዋ በ1978 አውስትራሎፒቴከስ አፋረንሲስ ተብሎ ሲሰየም የአፋርን ስም ይዞ ወጣ። ሆኖም ስሙ የታሰረው በድንቅነሽ ላይ አይደለም። የታሰረው በታንዛኒያ ላይቶሊ በተገኘ የታችኛ መንጋጋ ላይ ነው፤ ኤልኤች 4 ተብሎ ይታወቃል። ዓለም ሁሉ የሚያውቃት አካል አንዷ፣ ስሙን የተሸከመው አካል ሌላ ሆነ፤ በመካከላቸው ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አለ። የዚያ የመንጋጋ ባለቤትና ድንቅነሽ አንድ ዝርያ አይደሉም ብሎ የሚያስረዳ ሰው ቢመጣ፣ የአፋር ስም ከታንዛኒያው አጥንት ጋር ቀርቶ ለአፋሯ አዲስ ስም መፈለግ ግድ ይሆን ነበር። የእኛ የሰው ልጆች ስም ራሱ ለረጅም ጊዜ ችካል አልነበረውም፤ በ1959 እንግሊዛዊው ዊልያም ስተርን ሊኔየስን ራሱን የሰው ዘር ስም ተሸካሚ አካል አድርጎ አመለከተ። ያም አካል በኡፕሳላ ካቴድራል ተቀብሮ ይገኛል።

አሁን ደግሞ የሚከብደኝን ነገር ላንሳ። ስሙ የታሰረበት ወንድ ዝንብ በአልኮል ከመውደቁ በፊት በክንፍ የኖረው ምናልባት ጥቂት ቀናት ነው። ከዚያ በፊት ግን በእጭነት ለወራት፣ በአንዳንዶቹ ዘንድ ከዓመት በላይ ኖሯል። የክሬን ፍላይ እጭ በረገፈ ቅጠል ሥር፣ በበሰበሰ ግንድ ውስጥ፣ በጅረት ዳር ጭቃ ውስጥ ይኖራል፤ ብዙዎቹ የሞተውን ተክል እያኘኩ ወደ አፈር ይመልሳሉ፣ አንዳንዶቹ ሌሎች ትንንሽ ፍጥረታትን ያድናሉ። ደኑ ዝንቡን የሚያውቀው በዚህ ነው። ወፉም፣ እንቁራሪቱም፣ ዓሣውም እጩን ያውቁታል። እኛ ግን የሕይወቱን የመጨረሻ ሰዓት፣ ያውም ሊጋባ የወጣበትን ሰዓት ይዘን ስሙን በዚያ ላይ አሰርን። አብዛኛው የክሬን ፍላይ ዝርያ እጩ አይታወቅም። ይህን ሳስብ መግለጫው የእውቀት መጀመሪያ እንኳ ሳይሆን የመጀመሪያው ፈቃድ ይመስለኛል፤ ከዚህ በኋላ ስለዚህ ፍጥረት መነጋገር እንችላለን የሚል ፈቃድ።

ያ ፈቃድ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የታየው በ2019 ነው። በዚያ ዓመት መስከረም ላሚንግተን ዳር የሚገኘው ቢና በራ የተባለው የቆየ የእንግዳ ማረፊያ በእሳት ወደመ፤ እስከ 2020 መጀመሪያ በዘለቀው የእሳት ወቅት ከጎንድዋና የዝናብ ደኖች ግማሽ ያህሉን እሳት ነካው። የዝናብ ደን በልማዱ አይነድም፤ እርጥበቱ እሳትን ከዳር ይመልሳል። በዚያ ዓመት ግን ድርቁ የወደቀውን ቅጠልና የበሰበሰውን ግንድ ሳይቀር አድርቆት ነበር፤ እጮቹ የሚኖሩበትን ያንኑ ቤት ማለት ነው። ከእሳቱ በኋላ ባለሙያዎች የተጎዱትን ዝርያዎች ዝርዝር ሲያዘጋጁ መዘርዘር የሚችሉት ስም ያላቸውን ነው። አጥቢው ተቆጠረ፣ ወፉ ተቆጠረ፣ እንቁራሪቱ ተቆጠረ። ስም ያልወጣላት ዝንብ ብትጠፋ በየትኛው ረድፍ ትጻፋለች? ጠፋች ለማለት አስቀድሞ ነበረች ማለት ያስፈልጋል፤ ነበረች ለማለት ደግሞ ከሌሎቹ የሚለያትን ያየ ሰው ያስፈልጋል። የልዩነት ዝርዝሩ ድርቀት እዚህ ላይ ሌላ ክብደት ያገኛል። በሀዘን ቤት የሟቹ ስም ሳይጠራ ለቅሶ እንደማይቀመጡት ሁሉ፣ ስም ለሌለው ዝርያ የሚያዝን መንግሥትም ሆነ ሕግ ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

እሳት ደኑን ብቻ አይደለም የሚያገኘው። መስከረም 2 ቀን 2018 ማታ የሪዮ ዴ ጃኔሮው ብሔራዊ ሙዚየም በተመሠረተ በ200 ዓመቱ ተቃጠለ፤ በውስጡ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነፍሳት፣ ከእነርሱም መካከል ስም የታሰረባቸው ብዙ አካላት ነበሩ። ደንቡ ለእንዲህ ያለው አጋጣሚ መንገድ አበጅቷል፤ ዋናው ሲጠፋና ስሙን ማጽናት ግድ ሲሆን ሌላ አካል በምትኩ ይሰየማል። ይሁንና ምትኩ የሚመጣው ከደኑ ነው። የብራዚል የአትላንቲክ ደን ዛሬ የቀረው የድሮው ጥቂት ክፍል ብቻ ነው፤ ሙዚየሙም ደኑም አብረው ለጠፉበት ዝርያ የሚተካ አይገኝም፤ ስሙ ከተጻፈበት ወረቀት ሌላ ማረፊያ አይኖረውም።

ከ2003 ወዲህ አንድ አዲስ ነገር ተጨምሯል። ካናዳዊው ፖል ሄበርትና ባልደረቦቹ የእንስሳትን ዝርያ በአንድ አጭር የዘረመል ክፍል መለየት እንደሚቻል ሐሳብ ካቀረቡ በኋላ፣ ገላጮች ከናሙናው አንድ እግር ቆርጠው ለዚህ ምርመራ መስጠት ለምደዋል። ለዚች ዝንብ ወገን ይህ በተለይ ይስማማል፤ እግር ማጣት ልማዷ ነውና። ከሁሉ የሚያስደስተኝ ጥቅሙ ግን ስም ማውጣቱን ማፋጠኑ አይደለም። በብዙ መግለጫዎች ከወንዱ ዝርዝር በኋላ ሴቷ እንደማትታወቅ፣ እጩም እንደማይታወቅ የሚገልጹ አጫጭር መስመሮች ይጻፋሉ። ገላጩ ያላየውን ባለማየቱ ብቻ ባዶ ትቶ ለሚቀጥለው ሰው ያስረክበዋል። አሁን አንድ ሰው ከላሚንግተን ጅረት ዳር ከበሰበሰ ግንድ ውስጥ ቡናማ እጭ አውጥቶ ቁራጩን ለዘረመል ምርመራ ቢልክ፣ በቀይ ወረቀት ምልክት ከተደረገበት ወንድ እግር ጋር ሊያመሳስለው ይችላል። በዚያን ጊዜ ስሙ ከጥቂቶቹ የክንፍ ቀናት ወደ ኋላ ይዘልቅና በግንዱ ውስጥ ያለፉትን ወራት ይጨምራል፤ ምን እንደሚበላ፣ በየትኛው ዛፍ እንጨት ውስጥ እንደሚያድግ፣ እሳት ያለፈበት ደን ስንት ዓመት ቆይቶ መልሶ እንደሚቀበለው መጠየቅ ይቻላል።